ከመጋረጃው ጀርባ ያልኩት አሚን

በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት፣ ማሽላው ሊታጨድ ሲቃረብ፣ ጦርነቱ ወደ እኛ መጣ። ከወልዲያ በኩል የሸሸው ሰው ሐይቅ ከተማን አቋርጦ ወደ ደሴ ይጎርፍ ነበር። ፍራሽ የተሸከመ አለ፤ ፍየል የሚጎትት አለ፤ ልጅ አዝላ ሌላ ልጅ የምትመራ አለች። እኛ ደጃችን ላይ ቆመን ውሃ እናጠጣለን። ነገ ተራው የእኛ እንደሚሆን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ አንዳችንም አልተናገርነውም።

ሴት ልጄ ያኔ አዲስ አበባ ነበረች። ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቷ ነበር፤ ፈረንሳይኛ ታጠናለች። ከጦርነቱ መራቋን እያሰብኩ አላህን አመሰግን ነበር። ክፉ ነገር በወልዲያ መንገድ ብቻ የሚመጣ መስሎኝ ነበር።

ፈረንሳይኛን የመረጠችው እሷ አይደለችም። ለውጥ መጣ በተባለበት ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ጥሩ ውጤት አመጣች። ምኞቷ ሕግ መማር ነበር። የትምህርት ክፍል ሲደለደሉ የደረሳት ግን ፈረንሳይኛ ሆነ። እያለቀሰች ደወለችልኝ።

«እማ፣ ፈረንሳይኛ ደረሰኝ።»

«ምን ያስተምራሉ እዚያ?»

«ቋንቋቸውን፣ ሥነ ጽሑፋቸውን፣ ባህላቸውን።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ዕውቀት ነው። አልሐምዱሊላህ በይ።»

«አልሐምዱሊላህ። ግን እማ፣ ሐይቅ ስመጣ ፈረንሳይኛ ለማን አወራለሁ?»

«ለእኔ» አልኳት።

ለማጽናናት ያልኩት ነበር። እሷ ግን እውነት አደረገችው።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት የለኝም። የሰፈሩን ሴት ልጆች ግን ከአሱር ሶላት በኋላ ቁርኣን አስቀራለሁ። ልጄንም ፊደል ያስያዝኳት እኔ ነኝ። «ገይን» የሚባለው ፊደል ከጉሮሮ ነው የሚወጣው፤ ልጆች ሁሉ ይቸገሩበታል። እሷን አንገቷን ቀና አድርጌ፣ ውሃ ጉሮሮዋ ላይ አስይዤ፣ ድምፅ አውጪ እያልኩ ነው ያስለመድኳት። ውሃው እየተረጨ ሁለታችንም እንረጥብ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቀን ደወለችና እንዲህ አለችኝ። «እማ፣ ክፍሉ በሙሉ የፈረንሳዮቹን ‘ር’ ማውጣት አቅቶት እኔ ብቻ አወጣሁት። መምህሩ ‘የት ተማርሽው?’ አለኝ። ‘ከእናቴ’ አልኩት።»

«እኔ ፈረንሳይኛ መቼ አውቄ?»

«ያንቺን ገይን እኮ ነው ያወጣሁለት!»

ያን ቀን ሁለት ረከዓ የምስጋና ሶላት ሰገድኩ።

ለእረፍት ስትመጣ ከሐይቁ ዳር እንወርዳለን። እኔ ልብስ አጥባለሁ፤ እሷ መጽሐፏን ከፍታ ጮክ ብላ ታነባለች። ድምፅዋ ትልቅ ነው፤ ቤት ውስጥ ስታነብ ጎረቤት ምን ሆናችሁ ብሎ ይመጣል። አላህ ይህችን ልጅ ሲፈጥራት ዝምታ የሚባለውን አልሰጣትም። ስልክ ሲነሳ እንኳን ሃሎ እስክል አትጠብቅም፤ «እማ!» ብላ ትጀምራለች። ዓሣ አጥማጆቹ ታንኳቸው ላይ ሆነው ይለክፏት ነበር።

«ኧረ ቀስ በይ! ዓሣው ፈረንሳይኛ አያውቅም፣ ደንግጦ ሸሸብን!»

«መረባችሁ ተቀዶ ነው እንጂ! በእኔ አታሳብቡ!»

«እስቲ በፈረንሳይኛ ስደቢን!»

እሷም ረጅም ነገር ትላቸዋለች። እነሱ እየሳቁ ይቀዝፋሉ። ምን እንዳለቻቸው ስጠይቃት፣ «‘አላህ መረባችሁን ይሙላው’ ነው ያልኳቸው። ስድብ መስሏቸው ደስ ብሏቸው ሄዱ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ባዩዋት ቁጥር «ቦንዡር!» ይላሉ። እኔም ገበያ ላይ የቦንዡር እናት ተባልኩ።

ያነበበችውን ልብ ወለድ በአማርኛ ትተርክልኛለች። በእነዚያ ታሪኮች ውስጥ ያሉ ሴቶች ብዙ ጊዜ ብቻቸውን ናቸው። በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያሉ፤ ይታመማሉ፤ ለማንም አይናገሩም።

«ይህች ሴት ጎረቤት የላትም?» እላታለሁ።

«አላት፤ ግን አትነግራትም።»

«ቅሬስ የላቸውም?»

ቅሬ የእኛ የሰፈር ማኅበር ነው። ክርስቲያን እስላም ሳይል ሐዘኑንም ደስታውንም በአንድነት የምንወጣበት ነው። ልጄ ሳቀች። «እማ፣ ቅሬ ቢኖራቸው እኮ መጽሐፉ በሦስተኛው ገጽ ያልቅ ነበር።»

አንድ ጊዜ ደግሞ ተጨንቃ ደወለች። በባህል ትምህርት የሀገሩን አመጋገብ ተምረው፣ የትኛው ወይን ከየትኛው ምግብ ጋር እንደሚቀርብ ሊፈተኑ ነው።

«እማ፣ ብጽፈው ሐራም ይሆንብኛል?»

አሰብኩበት። «ማወቅ መጠጣት አይደለም» አልኳት። «የተጠየቅሽውን ጻፊ።»

ጻፈች። «ከክፍላችን ጠጪዎች ሁሉ በለጥኩ» ብላ ደወለችልኝ። ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ ወዲያው ደግሞ አስተግፊሩላህ አልኩ።

የቃል ፈተናም አላቸው። መምህሩ ፊት ለፊት ተቀምጦ ይጠይቃል። የተሳሳተ ጥቂት ይቀነስበታል፤ ዝም ያለ ግን ዜሮ ነው። ብዙ ልጆች ሐፍረት ይይዛቸውና ዝም ብለው ይወጣሉ አለችኝ። እሷን ይህ አላስቸገራትም።

ዩኒቨርሲቲዎች በታወኩበት ሰሞን ተመለሺ ብዬ ለመንኳት፤ «ትንሽ ጠብቂኝ እማ» አለች። ኮሮና መጥቶ ትምህርት ሲዘጋ ግን ቤት ገባች። ያ ለእኔ መልካም ጊዜ ነበር። ሽንኩርት እየላጥን ግሥ ታስረባለች፤ እኔ ትርጉሙን ሳላውቅ ከኋላ እከተላለሁ። በዚያው ቤት በነበረችበት ጊዜ ነው የመመረቂያ ጽሑፏን ሐሳብ ያገኘችው። የእኛን ሀገር ሴቶች ምርቃት፣ የዱዓ ግጥምና የሥራ እንጉርጉሮ ወደ ፈረንሳይኛ ልትመልስ ፈለገች። ድምፄን በስልኳ ቀዳች። አምባሰል ድረስ ሄዳ የአሮጊቶችን ድምፅ ቀድታ መጣች። ሴቶቹ «ፈረንጅ የእኛን ምርቃት ምን ያደርግለታል?» ብለው ሲጠይቋት፣ «ይመረቅበታላ!» ብላቸው ነበር።

አንድ ቃል አስቸገራት። የተጨነቀን ሰው «አብሽር» እንላለን። «‘አይዞህ’ ስለው አነሰ። ‘መልካም ወሬ ይድረስህ’ ስለው ረዘመ። እማ፣ ፈረንሳዮች አብሽር የላቸውም።»

«ታዲያ ሲጨንቃቸው ምን ይባባላሉ?»

«እስክመረቅ አገኝለታለሁ» አለችኝ።

የእኛ ቤት የፈረንሳይኛ ነገር ይህ ነበር።

ትልቁ ልጄ በዚህ ሁሉ ይስቅ ነበር። ሳዑዲ ብዙ ዓመት ሠርቶ፣ ታስሮ፣ በመጨረሻ ከሌሎች እስረኞች ጋር ተጠርዞ የተመለሰ ነው። ቤታችን ጣሪያው የተቀየረው፣ እኔ ዓይኔን የታከምኩት በእሱ ላብ ነው። አላህ ይስጠው፤ ዛሬም እላለሁ። አባቱ ከሞተ ወዲህ የቤቱ ራስ እሱ ነው።

«ሐይቅ ላይ በፈረንሳይኛ ሽንኩርት የሚገዛ ማን ነው?» ይላታል እህቱን።

«አንተ ያን ያህል ዓመት ኖረህ ከ‘ያላ’ ሌላ ምን ዐረብኛ ይዘህ መጣህ?»

«‘ኻላስ’ም አውቃለሁ።»

ይሳሳቃሉ። እኔም ስቄ አልፋለሁ።

እስር ቤት ሳለ በጠና ታሞ ነበር። አንድ የአምባሰል ልጅ የራሱን ውሃ እየሰጠ፣ ጭንቅላቱን ጭኑ ላይ አድርጎ አተረፈው። ያ ልጅ በኋላ ተፈትቶ ሪያድ ሥራ ያዘ። ለዚያ ልጅ ከእያንዳንዱ ሶላት በኋላ ዱዓ አደርግ ነበር። አክስቱ ጎረቤቴ ናት፤ አንድ ቅሬ ነን። ባሌ የሞተ ዕለት ከመሬት አንስታ ፊቴን ያጠበችኝ እሷ ናት።

ጦርነቱ ከመድረሱ በፊት በነበረው ክረምት ትልቁ ልጄ፣ «ጊዜው ክፉ ነው። እህቴን ብንድራት ይሻላል» አለኝ።

«ትመረቅና ራሷን እንጠይቃታለን» አልኩት።

«እሺ» አለ። እሺታውን አመንኩት።

በእኛ ወግ ልጃገረድ ለኒካህ ስትጠየቅ አፍራ ዝም ካለች ዝምታዋ እሺታ ነው። ይህ ለሚያፍሩት የተሰጠ እዝነት ነው። እኔ በተዳርኩ ጊዜ ሳሎኑ ሰው ሞልቶት፣ አባቴ መጋረጃውን ገልጦ ጓዳ ገባ። ከፊቴ ቁጢጥ ብሎ፣ «ልጄ፣ ጠይቀውሻል። ምን ትያለሽ?» አለኝ። ዝም አልኩ። አልተነሳም። ነጠላዬን ከፊቴ ላይ ቀስ አድርጎ አነሳና አየኝ። እየሳቅኩ ነበር። «አሁን ሰማሁሽ» ብሎ ወጣ። ዝምታ የሚሰማው እንዲህ ነው። ለልጆቼ ይህን ብዙ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። ትልቁ ልጄም ሰምቶታል።

ጦርነቱ ሲቃረብ አንድ ቀን ጠዋት ይኸው ልጄ መጣ።

«እማ፣ ሰዉ ተጨንቋል። ዛሬ እኛ ቤት ዱዓ ይደረግ። ከአምባሰል የተፈናቀሉ አንድ ሼህ አሉ፤ እሳቸውን እጠራለሁ።»

ደስ አለኝ። ይህ ልጅ ዱዓ ጠርቶ አያውቅም። መከራው ልቡን ያለሰለሰው መሰለኝ።

«የሰፈራችንን ኢማምስ?»

«እሳቸው ተፈናቃይ ሲያስተናግዱ ነው የሚውሉት። አናስቸግራቸው።»

ኢማማችን ልጄን ከሕፃንነቷ ያውቋታል። ያን ቀን ይህን አላሰብኩም።

ፍየል አረደ። እኔ ሩዝ ሠራሁ፤ አብሽ መታሁ። ጎረቤቴ ገና በጠዋቱ መጥታ አብራኝ ደፋ ቀና አለች። ከዙሁር በኋላ ወንዶቹ ሳሎን፣ እኛ ሴቶቹ ጓዳ ሆንን። መካከላችን መጋረጃ አለ። ሼሁ ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸው ደክሟል፤ ከሚሉት ግማሹ አይደርሰንም። ለሀገር ሰላም ለመኑ፤ አሚን አልን። መንገድ ላይ ላለው ሰው ለመኑ፤ አሚን አልን።

ልጄም ትስማው ብዬ አሰብኩ። ትንሿን ስልኬን አውጥቼ ደወልኩላት። በዚያ ሰሞን ኔትወርክ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል። ደግሜ ሞከርኩ። ጭራሽ ድምፅ የለውም።

«ተይው፤ ማምሻውን ታገኛታለሽ» አለችኝ ጎረቤቴ። እጄን ያዘችው። ስልኩን ጭኔ ላይ አደረግኩት።

ያኔ ሳሎኑ ፀጥ አለ። የትልቁ ልጄ ድምፅ ተሰማኝ፤ ምን እንዳለ ግን አልለየሁም። ጥቂት ዝምታ ሆነ። ከዚያ ሼሁ ዝቅ ባለ ድምፅ በዐረብኛ ቀጠሉ፤ ፋቲሓ ተቀራ።

«አሚን በይ» አለችኝ ጎረቤቴ፣ እጄን ጠበቅ አድርጋ።

አሚን አልኩ። ከሴቶቹ ሁሉ የእኔ ድምፅ ከፍ ብሎ ነበር። ከሆዴ ነው ያልኩት።

ወዲያው በመጋረጃው ሥር የተምር ትሪ ገባ። እኔ ተምር አላሰናዳሁም። ከየት መጣ እያልኩ አንዱን ቢስሚላህ ብዬ ጎረስኩ። ጎረቤቴ አቅፋ ሳመችኝ።

«ሙባረክ! እንግዲህ ዘመድ ሆንን።»

«በምን?»

«አትቀልጂ እንጂ! የወንድሜ ልጅ ይህን ሲሰማ ሪያድ ላይ ይዘላል። ልጅሽን ሰጠሽን እኮ!»

ተምሩ አፌ ውስጥ ቀረ። መዋጥም መትፋትም አቃተኝ።

«ልጄ መቼ ተጠየቀች?»

«አሁን ነዋ፤ በስልክ፣ ሁሉም ፊት። ዝም አለች። የልጃገረድ ወግ ነው።»

ጭኔ ላይ ያለውን ስልክ አየሁት። እሷም አየችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ሩዙ ድስት አዞረች።

እንግዶቹ እስኪወጡ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ሰው በቤቴ እየበላ ማዋረድ አልወድም። ዕቃ አጠብኩ። መግሪብ ሰገድኩ። ከዚያ ልጄን ጠራሁት።

«ቁጭ በል።»

ቁጭ አለ።

«እህትህ ምን አለችህ?»

«ዝም አለች።»

«ስልኩ ተነስቶ ነበር?»

«ተነስቷል።»

«እኔም በዚያው ሰዓት እየደወልኩላት ነበር።»

ምንጣፉን ማየት ጀመረ።

«እማ፣ አብሽሪ…»

«አብሽሪ አትበለኝ።»

«ጦሩ አምባሰል ገብቷል እየተባለ ነው። እዚህ የሚመጣውን ታውቂያለሽ? እሷን እንኳን ላትርፍ ብዬ ነው። ነገ መኪና ካገኘሁ አዲስ አበባ ሄጄ ፓስፖርቷን አስጨርሳለሁ። ባሏ ዘንድ ትሄዳለች።»

«ትምህርቷስ?»

«ፈረንሳይኛ እኮ ነው፣ እማ!»

«ኔትወርክ በነበረ ጊዜ ለምን አልጠየቅካትም? ክረምቱን ሙሉ አጠገብህ ነበረች።»

የምንጣፉን ጫፍ በጣቱ ጠቀለለ።

«ብጠይቃት ትናገራለቻ» አለ።

ከዚህ በኋላ የተናገረው ሁሉ ለእኔ ትርፍ ነበር። ያ የአምባሰል ልጅ ሕይወቱን እንዳተረፈለት ነገረኝ። እስር ቤት ሳሉ፣ «ከዳንኩ ዘመዴ ትሆናለህ» ብሎ ቃል እንደገባለት ነገረኝ። እንባ በዓይኑ ሞልቶ ነበር። ልጄ ክፉ አይደለም።

«ቃሉ ያንተ ነው» አልኩት። «እሷ ግን ያንተ አይደለችም።»

«በአባቴ ቦታ ነኝ፣ እማ።»

«አባትህ ቢሆን መጋረጃውን ገልጦ ይገባ ነበር። እሺ፣ ለእሷ ሳትነግራት ቀረህ። ለእኔስ?»

«አንቺ እሺ አትይም።»

«ስለዚህ አሚኔን ሰረቅከኝ።»

ዝም አለ። ፊቱን አየሁት። ያ ዝምታ ምን እንደነበረ እናት ስለሆንኩ ለይቼዋለሁ፤ ሐፍረት ነው። ሐፍረቱ ግን ኒካሁን አይፈታውም። ለሴት ልጄ የምነግርበት መንገድ የለም። እሱ ነገ መኪና ካገኘ ከእኔ ቀድሞ ይደርስባታል፤ «እማም አሚን ብላለች» ይላታል። እሷም ታምነዋለች፤ እውነት ነውና፤ ብያለሁ።

መስገጃዬ ላይ ቁጭ ብዬ ለረጅም ጊዜ አልተነሳሁም። ወታደር ቢመጣ የት እንደምደበቅ አስቤ ነበር። ዱቄቱን የት እንደምቀብር አስቤ ነበር። ከገዛ ጓዳዬ፣ እጄን ከያዘችኝ ሴትና ካጠባሁት ልጅ የሚመጣውን አላሰብኩም። ብናገር ልጄን በሰው ፊት ውሸታም አደርገዋለሁ። ከጎረቤቴ እጣላለሁ፤ በዚያ ቀን ደግሞ ጎረቤት ያስፈልግ ነበር። ዝም ብል የሴት ልጄን ዝምታ እውነት አደርገዋለሁ።

በማግስቱ ሱብሂ ሰግጄ ትሪውን ከተረፈው ተምር ጋር አነሳሁት። ከጎረቤቴ ደጃፍ አስቀመጥኩት። በሩን አላንኳኳሁም።

ሼሁ ከሐይቁ ዳር ከዘመድ ቤት ነበር ያረፉት። ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው።

«አባባ፣ የትናንቷ ሙሽራ እናት ነኝ።»

«ሙባረክ ልጄ። ነይ፣ ተቀመጪ።»

«ልጄ ምን አለችዎት?»

«ዝም አለች። ወንድሟ ‘አፍራ ነው’ አለኝ። እኔ የስልክ ነገር አላውቅም።»

«የእርስዎስ ልጆች የት ናቸው?»

ፊታቸው ጠቆረ። «አንዱ አምባሰል ቀረ። ከብቱን ጥዬ አልሄድም አለኝ። ጠዋት ማታ በቤቱ ሰዎች አስደውላለሁ፤ እስካሁን አላገኘሁትም።»

ቁጥሩን ከቤቱ ሰዎች ተቀብዬ በስልኬ ደወልኩ። ጆሯቸው ላይ አደረግኩላቸው።

«ምን ይላል?» አልኳቸው።

አዳመጡ። «ዝም ነው ያለው።»

«ደህና ነኝ ማለቱ ይሆን?»

ስልኩን ከጆሯቸው ሳያነሱ ቆዩ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። የነካሁት ቁስላቸውን እንደሆነ አወቅኩ፤ ሌላ መንገድ ግን አልነበረኝም። ስልኩን ቀስ ብለው መለሱልኝ።

«ልጅቷ አልሰማችኝም» አሉ።

«አልሰማችዎትም።»

«ኢና ሊላሂ። ዘንጌን አምጡልኝ።»

በመንገዱ ዳር ቀስ እያልን ወጣን። ሰዉ አሁንም ወደ ደሴ ይጎርፋል። ቤት ስንደርስ የትልቁ ልጄ ቦርሳ በሩ ላይ ነበር፤ መኪናው ሁሉ ሞልቶበት ገና አልሄደም። ሼሁ ሲገቡ አያቸውና ቦርሳውን ወደ ውስጥ መለሰ። ሼሁ የትናንቶቹን ምስክሮች አስጠሩ። ጎረቤቴም መጣች። ሼሁ ከትናንት ቦታቸው ተቀመጡና፣ «የልጅቷ እናት ትናገር» አሉ።

ወጉ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ እንድናገር ነው። መጋረጃውን ከሽቦው አወጣሁት። አጣጥፌ ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኩና ከልጄ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ።

«ትናንት አሚን ያልኩት ለሀገር ሰላም ነው» አልኩ። «ኒካህ መሆኑን አልተነገርኩም። ልጄም አልተጠየቀችም። ስልኩ አይሠራም ነበር።»

ሼሁ ወደ ልጄ ዞሩ። «አይሠራም ነበር?»

ልጄ አየኝ። ዓይኔን አልሰበርኩም።

«አይሠራም ነበር» አለ።

ጎረቤቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ሼሁ እጃቸውን ዘረጉ። ልጅቷ ስላልተጠየቀች ኒካህ እንደሌለ፣ ማንም ሚስቴ ናት እንደማይላት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ሁሉም እንዲሰማ ተናገሩ። ከዚያ ለእሷም፣ አምባሰል ለቀረው ልጃቸውም ዱዓ አደረጉ።

አሚን አልኩ።

ከዚያ ጀሪካኑን አንስቼ መንገዱ ዳር ወጣሁ፤ ውሃ የሚጠጣ ሰው ቆሞ ነበር።